የአንባቢያን ጥያቄ፦ በቅብብል ሩጫ ተራዬን እንዴት ልወጣው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ቅብብል ሩጫ ናቸው። አንዱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለቅብብል ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ጉዳይ ሰፊ ስለሆነ እሷ ላይ ቆየት እላለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በኦገስት መጨረሻ ለሚደረገው ሁድ ቱ ኮስት ለሚባለው የቅብብል ሩጫ 12 ሰው ሲያሰባስቡ አንድ ሰው ጎደላቸው። «አንቺ ኢትዮጵያዊት አይደለሽ እንዴ፣ ሩጫ የአገርሽ ነው» ብለው ስሜን ጻፉት። እውነቱን ለመናገር እኔ የምሮጠው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ስምንተኛ ሯጭ ነሽ ተብያለሁ። ሦስት ጊዜ እንደምሮጥ፣ አንዱም ሌሊት እንደሆነ ነግረውኛል። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሮጠው። ቡድኑን ወደኋላ እንዳላስቀር እየፈራሁ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞም ፍልሰታን እጾማለሁ። ገና አራት ወር አለ። ልተወው ወይስ ልግባበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢበት። አራት ወር በቂ ነው።

ሩጫውን ለማያውቁት አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። ሁድ ቱ ኮስት በ1982 በስምንት ቡድን ብቻ የተጀመረ ሩጫ ነው፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ቡድን ይሮጥበታል። ሁድ ተራራ ላይ ካለው ቲምበርላይን ሎጅ ይነሳል፣ ፖርትላንድን ያቋርጣል፣ ሲሳይድ በምትባል ከተማ የባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ያልቃል። ወደ 320 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ 36 ቦታ ይከፈላል፣ 12 ሰው በየተራ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሮጣል። ስድስቱ በአንድ ቫን፣ ስድስቱ በሌላው ይሄዳሉ። አንዱ ቫን ሯጮቹን እያወረደና እየለቀመ ሲከተል፣ ሌላው ቀድሞ ሄዶ ይበላል፣ ጋደም ይላል። የሚቀባበሉት ዱላ አይደለም፤ እጅ አንጓ ላይ መታ ሲያደርጉት የሚጠመጠም አምባር ነው። አንቺ ስምንተኛ ስለሆንሽ የምትሮጪው 8ኛውን፣ 20ኛውንና 32ኛውን ክፍል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቫን ውስጥ ነሽ። አንደኛው ቫን ስድስቱን ክፍል ጨርሶ ሳንዲ በምትባለው ከተማ እስኪያስረክባችሁ ድረስ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትጠብቁት።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ፤ በቁጥር እንየው። አንድ ክፍል በአማካይ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባልደረቦችሽ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ደቂቃ ብትዘገዪ በሦስቱም ዙር የምታጎድዪው 27 ደቂቃ ነው። ቡድናችሁ በአማካይ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ቢሮጥ ጠቅላላው ጊዜ 30 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከ30 ሰዓት ላይ 27 ደቂቃ ማንንም አያስቀይምም። ቡድን የሚያስቀይመው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሩጫ ላይ የሌሊቱ ተራ ለእኔ ደርሶኝ ነበር። 11 ኪሎ ሜትር። ለቡድኔ «በ70 ደቂቃ እገባለሁ» ብያለሁ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ እግሬም ቀለለኝ፣ ለቀቅሁት። በ62 ደቂቃ ርክክቡ ቦታ ደረስኩ። ተረኛዋ የለችም። ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ሁሉም ሰው ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሯል፣ ወደ ማን ብዞር ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ይገባል እንጂ ፊት አይታይም። ስሟን እየጠራሁ ከዚህ እዚያ አልኩ። ላቡ ጀርባዬ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማኛል። በስድስተኛው ደቂቃ ከሽንት ቤቱ ሰልፍ እየሮጠች መጣች፣ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። ታግዬ ካተረፍኩት 8 ደቂቃ 6ቱ እዚያው ቆሜ ሄደ። እሷ ደግሞ ሰውነቷን ሳታሟሙቅ፣ ደንግጣ፣ ሆዷ እየነፋት ወጣች፤ ዙሩ ሙሉ ተበላሸባት። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ። 70 ካልኩ 70 ነው።

እኔ ስለ ቅብብል አንድ ነገር ብቻ እንድትይዢልኝ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው፦ ባልሽው ሰዓት የምትደርሺ ሁኚ፣ ሌላው ሲደርስ ደግሞ ቆመሽ የምትጠብቂ ሁኚ። ስለዚህ ዛሬውኑ ለቡድን መሪያችሁ ትክክለኛውን ፍጥነትሽን ንገሪው። ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ ከሆነ የምትሮጪው 7 በይ፤ አፍረሽ 6 እንዳትዪ። እዚህ ሩጫ ላይ ቡድኖች የሚነሱት አስቀድመው በሰጡት ግምት ነው፣ ቀርፋፋው ቡድን ቀድሞ ይነሳል። የተሳሳተ ቁጥር ከሰጠሽ የሚዛባው የአንቺ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ 11 ሰው የሚተኛበትና የሚበላበት ሰዓት አብሮ ይዛባል።

ሌላው፣ ወደ ባሕሩ ስትቃረቡ ተራራማው ጫካ ውስጥ ስልክ የማይሠራበት ቦታ አለ። «ደርሻለሁ፣ ውጡ» ብሎ መደወል አይቻልም። የሁሉም ሰው መነሻና መድረሻ ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ቫኑ ውስጥ ይለጠፍ። አንቺ ደግሞ ከአንቺ በፊት ያለው ሯጭ ይደርሳል ከተባለበት 15 ደቂቃ ቀድመሽ ሽንት ቤት ጨርሰሽ፣ ጃኬትሽን አውልቀሽ ቦታው ላይ ቁሚ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቀደም ብለሽ ሂጂ።

ልምምዱን በተመለከተ፣ አንድ ረጅም ሩጫ ከመሮጥ ይልቅ ሰውነትሽ ተቀምጦ ተነስቶ መሮጥን መልመድ አለበት። ይሄ ሩጫ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። 9 ኪሎ ሜትር ትሮጪያለሽ፣ ከዚያ ቫን ውስጥ እግርሽን አጥፈሽ ለሰዓታት ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ ተነሽ ትባያለሽ። እግርሽ እንጨት ሆኖ ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በሳምንት አራት ቀን መሮጥ ልመጂ፣ ርቀቱን ቀስ እያልሽ እስከ 10 ኪሎ ሜትር አድርሺው። በሦስተኛው ወር ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ እንዲህ አድርጊ፦ ጠዋት 6 ኪሎ ሜትር፣ ማታ 6 ኪሎ ሜትር፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ 5። በመሀል ከመቀመጫሽ ተነስተሽ ቁርጭምጭሚትሽንና ባትሽን ማፍታታት አትርሺ። አንዱን ሩጫ በጨለማ አድርጊው፣ ባትሪውን ግንባርሽ ላይ አስረሽ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰሽ። ባትሪው እየዘለለ ግንባር ሲመታ መጀመሪያ ያናድዳል፤ ያንን ሩጫው ቀን ከምታውቂው አሁን ብታውቂው ይሻላል። ኮረኮንች ያለበት መንገድ ላይ ቫኖቹ የሚያስነሱት አቧራም አለ፤ አፍሽን የምትሸፍኚበት ቀጭን ሻሽ ያዢ።

ፍልሰታው አያስጨንቅሽ፤ እንዲያውም ጥሩ ቦታ ላይ ነው የወደቀልሽ። ነሐሴ 1 ማለት በእነሱ ኦገስት 7 ነው። ከባዱን ልምምድ ሐምሌ ውስጥ ጨርሺ። ከሩጫ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ጾም ባይኖርም ልምምድ የሚቀነስባቸው ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር፣ ቀለል አድርገሽ፣ ከተመገብሽ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ምሽት ላይ ሩጪ። ምስሩንና ሽሮውን በደንብ ብዪ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሩጫው ብዙ ጊዜ ጾሙ በተፈታ በቀናት ውስጥ ነው የሚውለው። ነሐሴ 16 ላይ ዶሮውና ክትፎው ይመጣል። ሁለት ሳምንት ያረፈ ሆድ ላይ ቅቤና በርበሬ ጭነሽ ሁለት ቀን ሳይሞላሽ መንገድ ላይ እንዳትወጪ። ትንሽ ቅመሺ፣ ዋናውን ከሲሳይድ ስትመለሺ ትደርሺበታለሽ።

ቫኑ ውስጥ የምትበዪውን ራስሽ ያዢ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ቴምር፣ ቆሎ። በሶ ካለሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን በማር አቅጥነሽ፣ ሮጠሽ እንደጨረስሽ ጠጪው። ሩጫ ለመጀመር አንድ ሰዓት ሲቀር ወፍራም በሶ መጠጣት ሆድ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው። ውሃው ውስጥ ትንሽ ጨው ጣል አድርጊ፣ በተለይ ቀኑ ከሞቀ።

ልብስሽን በሦስት ፌስታል ክፈዪ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቁምጣ፣ አንድ ካናቴራ፣ አንድ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ። ፌስታሉ ላይ 8፣ 20፣ 32 ብለሽ ጻፊበት። ሮጠሽ ስትመለሺ ላብ የጠጣውን ልብስ እዚያው ፌስታል ውስጥ ከትተሽ ቋጥሪው። የስድስት ሰው እርጥብ ካልሲ የተዘረገፈበት ቫን ውስጥ በሌሊት ካልሲ ፍለጋ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው። ደረቅ ካልሲ ደግሞ እግርሽ ውሃ እንዳይቋጥር ዋናው መከላከያ ነው።

የመጨረሻው፣ የመጀመሪያ ዙርሽ ላይ ተጠንቀቂ። ቀኑን ሙሉ ስትጠብቂ ውለሽ፣ ሰው እየጮኸልሽ፣ አምባሩ እጅሽ ላይ ሲጠመጠም እግርሽ መሬት አይነካም። የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትር እያወራሽ መሮጥ በምትችዪበት ፍጥነት ያዢው። የቀረውን እንደ ስሜትሽ። አንደኛውን ሯጫችሁን ደግሞ እዘኑለት፤ እሱ ከተራራው ሲወርድ በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሮጣል፤ ጭኑ በማግስቱ ደረጃ አያስወርደውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቶች ውድድር 4 በ100 ላይ ሦስተኛ ሯጭ ነበረች። ለአራተኛዋ ስታቀብል ዱላው ወደቀ፤ ቡድኑም ከውድድር ወጣ። ጓደኞቿ «አንቺ ነሽ የጣልሽው» አሏት። ዘንድሮ ስፖርት መምህሯ ሲጠሯት አልሮጥም አለች። ሩጫ ትወዳለች፣ ቤት ውስጥ ግን ስሙን ማንሳት አይቻልም። ምን ልበላት? (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይህን ይንገሯት። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ የአሜሪካ ወንዶች 4 በ100 ማጣሪያ ላይ ዱላው ወደቀባቸው። በዚያው ምሽት ሴቶቹም ወደቀባቸው። ሁለቱም ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲያቀብሉ፣ ልክ የእርስዎ ልጅ ያለችበት ቦታ ላይ። ከወንዶቹ ለመቀበል እጁን የዘረጋው ታይሰን ጌይ ነበር፣ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የ100 እና የ200 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። የእኛ 14 ዓመት ልጅ በአቧራ ሜዳ ላይ ብትጥለው ምን ይገርማል።

«አንቺ ነሽ የጣልሽው» የሚለው አነጋገር በራሱ ልክ አይደለም። ዱላው ከአንድ እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ እስኪገባ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አቀባይዋ ዘግይታ ሊሆን ይችላል፣ ተቀባይዋ ቀድማ ተፈትልካ ሊሆን ይችላል፣ እጇን እያወዛወዘች ሊሆን ይችላል። ደንቡንም ልጆቹ አላወቁት ይሆናል። ዱላ ቢወድቅ ውድድሩ አላለቀም። የጣለችው ራሷ ታነሳዋለች፤ ሌላ ሯጭ ካላደናቀፈች፣ ርቀትም ካላሳጠረች ከመስመሯ ወጥታ ማንሳት ትችላለች። ተቀባይዋ ብቻዋን እስክትይዘው ድረስ ዱላው የአቀባይዋ ነው። ይህን ያላወቀ ቡድን ቆሞ ይተያያል፣ ወይም የማይመለከታት ልጅ ታነሳውና ቡድኑ ይሰረዛል። ይህንን ማስተማር የአዋቂዎቹ ድርሻ ነበር፤ ልጅዎ ላይ መጣል አልነበረበትም።

አሁን ሩጪ ብለው አያስገድዷት። ከእሷ በፊት ያለችውንና ከእሷ በኋላ ያለችውን ልጅ ብቻ አንድ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ያገናኟቸው። ዱላ መግዛት አያስፈልግም፤ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ይስጧቸው። ትክክለኛው ዱላ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በቀስታ እየሮጡ ይቀባበሉ። አቀባይዋ «ያዥ!» ስትል ተቀባይዋ ወደኋላ ሳታይ እጇን ትዘረጋለች፣ የተዘረጋውን እጅ አታነቃንቀውም። አንድ ቃል ብቻ ይሁን፣ ሁልጊዜ ያው ቃል። ልጅዎ ሦስተኛ ከሆነች ጥምዝ ላይ ስለምትሮጥ በቀኝ እጇ ተቀብላ፣ በቀኟ ይዛ ሮጣ፣ ለአራተኛዋ ግራ እጅ ነው የምትሰጠው። ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ መለዋወጥ የለም።

ከዚያ በሙሉ ፍጥነት። ተቀባይዋ ከቆመችበት ወደኋላ 20 ጫማ ልኬት ቆጥራ በኖራ ምልክት ታድርግ። አቀባይዋ ምልክቱን ስትረግጥ ተቀባይዋ ዞራ ሳታይ መፈትለክ ነው። አልደርስባት ካለች ምልክቱን ያቅርቡት፣ ከኋላዋ ከተጠጋችባት ያርቁት። የመቀባበያው ክልል 30 ሜትር ነው፤ ዱላው እዚያ ውስጥ እጅ መቀየር አለበት። ለሁለት ሳምንት በቀን 20 ጊዜ ቢሞክሩት ዓይን ጨፍነው ያቀባብሉታል።

ይህ ድካም ምን ያመጣል ካሉ፣ በ2016 ሪዮ ላይ ጃፓን በ4 በ100 ወንዶች በ37.60 ሁለተኛ ወጥታለች። በዚያን ጊዜ ከአራቱ ልጆች አንዱም 100 ሜትርን ከ10 ሴኮንድ በታች ሮጦ አያውቅም ነበር። ዩሴይን ቦልት ካለበት የጃማይካ ቡድን ሌላ ማንም አልቀደማቸውም። ዱላው እጃቸው ላይ ሳይቆም ስላለፈ ነው። ልጅዎ ቪዲዮውን ትየው።

ጥያቄ፦ በሩጫ ዓለም ያውቀናል፣ በቅብብል ግን ስማችን የለም። ለምን? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለ እንጂ! በኦሊምፒክ ያሉት የዱላ ቅብብሎች 4 በ100 እና 4 በ400 ናቸው፤ የእኛ ጉልበት የሚጀምረው ከዚያ ረዘም ሲል ነው። ረዘም ያለ ቅብብል ሲመጣ ግን እንታያለን። በ2014 ባሐማስ ላይ በተደረገው የዓለም ቅብብል ውድድር ወንዶቻችን በ4 በ1500 ሦስተኛ ወጥተዋል። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በ2017 ካምፓላ ላይ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት አንድ ላይ የሚሮጡበት ቅብብል ሲጀምር ሁለተኛ ሆንን። በ2019 ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ፣ ሣር የለበሰ የሙዚየም ጣሪያ ላይ እየወጡ እየወረዱ፣ ከበደ እንዳለ፣ ቦኔ ጨሉቄ፣ ታደሰ ለሚ እና ፋንቱ ወርቁ ወርቁን አመጡት። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ርክክቡም 20 ሜትር ክልል ውስጥ ነው። ያን ወርቅ ጥቂት ሰው ብቻ ማስታወሱ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ጃፓኖች የሚሮጡትን ኤኪደን የሚባል ቅብብል በዩቲዩብ ሳይ ልጆቹ መንገድ ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ። ተሸንፈው ይመስለኝ ነበር፣ ግን ደህና የሮጠውም ያለቅሳል። ነገሩ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያየኸው ሀኮኔ ኤኪደን መሆን አለበት። ከ1920 ጀምሮ የሚሮጥ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ነው። በእነሱ ጃንዩዋሪ 2 እና 3፣ በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ከየቡድኑ አሥር ልጆች ከቶኪዮ ሀኮኔ ተራራ ደርሰው ይመለሳሉ፤ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐሳቡን ካመጡት አንዱ ሺዞ ካናኩሪ ነው። በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ሙቀት ጥሎት አቋርጦ፣ ለማንም ሳይናገር ሄዶ፣ በ1967 ተጠርቶ የጨረሰው ሰውዬ። ሰዓቱ 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ተብሎ ተመዘገበ።

የሚቀባበሉት ታሱኪ የሚባል ጨርቅ ነው፤ ከትከሻ ወደ ወገብ በሰያፍ ይጠለቃል። ሯጩ ሊደርስ ሲል አውልቆ እጁ ላይ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ዘርግቶ ያቀብላል። ጠዋት የተነሳው ልጅ ላብ ያለበት ያው ጨርቅ ነው አምስተኛው ልጅ ጋ ተራራው ላይ የሚደርሰው። እና አንድ ደንብ አለ። መሪው ቡድን ካለፈ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ከሞላ፣ ያልተረከቡት ተረኞች ጨርቁን ሳይጠብቁ በአንድ ላይ ይለቀቃሉ፤ መንገዱ ለትራፊክ መከፈት ስላለበት። አንዳንዴ የሚመጣው ልጅ ይታያል፣ መቶ ሜትር አይቀረውም፣ ጨርቁን ጠቅልሎ ይዟል፣ ተረኛው ደግሞ እያየው ሌላ ጨርቅ ለብሶ እንዲሄድ ይደረጋል። ደርሶ የሚሰጠው ሰው ያጣው ልጅ ነው ተደፍቶ ያየኸው። ጥሩ የሮጠው የሚያለቅሰው ደግሞ ከነጨርቁ በሰዓቱ ስለደረሰ ነው።